ስማችን አማና ነው፦ ከማኅተም ቀለበት እስከ ክሬዲት ቁጥር



ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል ከዓመት ዓመት እየበዛ የመጣ አንድ አለ። «በስሜ ሌላ ሰው ተበድሯል፤ እኔ ገንዘቡን አላየሁትም። ዕዳው የእኔ ነው ወይ?» የሚል ነው። አሜሪካ ያሉ ወንድሞችና እህቶች በመልእክት ይጠይቁናል፤ አገር ቤት ያሉ ነጋዴዎች ደግሞ በአካል ይመጣሉ።

የሸሪዓው መልስ አጭር ነው። ያልተበደሩት ብድር ዕዳ አይሆንም። ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙም የከሳሽ ነው፤ ተከሳሹ ከካደ ይምላል። ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ ስለ እኛ የሚመሰክረው ሰው ሳይሆን መዝገብ ነው። መዝገቡ «ተበድሯል» ካለ ቤት ተከራዩን፣ ሱቅ ከፋቹን፣ መኪና ገዢውን ማንም አይሰማውም። እስኪያስተባብል ድረስ ባለ ዕዳ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጀናዛ ሲቀርብላቸው ሟቹ ዕዳ እንዳለበት ይጠይቁ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች፣ በስማችን የሚጻፍ ዕዳ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም አይነግረንም።

ይህን በሽታ ኮምፒውተር አልወለደውም። የሰው ስም ገንዘብ ማንቀሳቀስ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ ስሙን የሚሰርቅ አለ። ዛሬ የዚህን ታሪክ መስመር ተከትለን እንሄዳለን፤ መከላከያውም ከዚያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። መልካም ንባብ።

◾ ቀለበቱ

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለነገሥታት ደብዳቤ ለመጻፍ ባሰቡ ጊዜ፣ ሮማውያን ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። የብር ቀለበት አሠሩ፤ በላዩም «ሙሐመድ የአላህ መልእክተኛ» የሚል ጽሑፍ በሦስት መስመር ተቀረጸበት። ይህን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ቀጥሎ ያለውን ነው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ማንም ሰው በዚያው ጽሑፍ ሌላ ቀለበት እንዳያስቀርጽ ከለከሉ።

ክልከላው ለምን አስፈለገ? ሁለተኛ አንድ ዓይነት ማኅተም ካለ የመጀመሪያውም ዋጋ ያጣልና ነው። የማኅተም ኃይሉ ብሩ ላይ የለም፤ ብቸኛ መሆኑ ላይ ነው። ቀለበቱ ከእርሳቸው በኋላ ወደ አቡበክር፣ ወደ ዑመር፣ ከዚያም ወደ ዑስማን (ረ.ዐ.) እጅ አልፎ፣ በዑስማን ዘመን በአሪስ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሦስት ቀን ውኃው ተቀድቶ ተፈለገ፤ አልተገኘም።

◾ በዑመር ዘመን የተቀረጸው ሐሰተኛ ማኅተም

የፊቅህ ሊቃውንት የተዕዚርን ቅጣት ሲያብራሩ የሚጠቅሱት አንድ ታሪክ አለ። በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን መዕን የሚባል ሰው የበይተል ማልን ማኅተም አስመስሎ አስቀረጸ። ማኅተሙን ይዞ ወደ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ሄደና ገንዘብ ተቀበለ። ነገሩ ዑመር ዘንድ ሲደርስ መቶ ግርፋት ገርፈው አሰሩት።

እስቲ የግምጃ ቤቱን ጠባቂ እናስበው። በር አልተሰበረበትም፤ ጎራዴ አልተመዘዘበትም። ማኅተሙን አየ፣ አመነ፣ ከፈለ። ሥራውን በአግባቡ የሠራ ይመስለዋል። የማንነት ስርቆት ከሌላው ስርቆት የሚለየው በዚህ ነው። ሌባው ገንዘቡን አይወስድም፤ ታማኙ ሰው በገዛ እጁ ያቀብለዋል። የታለለውም ተቋሙ ሆኖ ሳለ ስሙ የጠፋው የማኅተሙ ባለቤት ነው።

◾ መቶ ሺህ ሁለት መቶ ሺህ የሆነበት ደብዳቤ

ሌላው ታሪክ በሙዓዊያ (ረ.ዐ.) ዘመን የሆነ ነው። ጦበሪና ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ ሙዓዊያ ለዐምር ኢብኑ ዙበይር አንድ መቶ ሺህ ዲርሃም እንዲከፈለው ለኢራቅ ሹማቸው ለዚያድ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን የያዘው ራሱ ተቀባዩ ነበር። በመንገድ ከፍቶ «መቶ» የሚለውን «ሁለት መቶ» አደረገው። ዚያድም ሁለት መቶ ሺህ ከፈለ።

እንዴት ታወቀ? ደብዳቤውን አይቶ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ዚያድ ሒሳቡን ለሙዓዊያ ሲያቀርብ ነው የታወቀው። ሙዓዊያ የሒሳቡን መዝገብ አይተው «ይህን ያህል አላዘዝኩም» አሉ። ዐምር ታሰረ፤ ወንድሙ ዐብዱላህ እስኪከፍልለት ድረስም አልተለቀቀም።

ሙዓዊያ በዚህ አላበቁም። ዲዋኑል ኻተም፣ ማለትም የማኅተም መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ከዚያ በፊት ደብዳቤዎች አይታሰሩም ነበር። ከዚያ ወዲህ የኸሊፋው ትእዛዝ ወደዚህ ቤት ይገባል፤ ቅጂው በመዝገብ ይሰፍራል፤ ደብዳቤው በክር ይታሰርና ሰም ተደርጎበት ይታተማል። ማኅተም ለብቻው እንደማይበቃ ተረድተው ሁለት ነገር ጨመሩበት። አንደኛው መቆለፍ ነው፤ የታሰረ ደብዳቤ ሳይታወቅ አይከፈትም። ሁለተኛው ማስተያየት ነው፤ የወጣው ከመዝገቡ ጋር ይነጻጸራል። ወደ ኋላ ስለምንመለስባቸው እነዚህን ሁለት ቃላት ያዙልን።

◾ ስለ ነጋዴ የሚጽፈው መዝገብ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ዛሬ ዓለም የሚሠራበት የክሬዲት መዝገብ የተጀመረው እዚያ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችንም የሚኖሩት በዚህ ሥርዓት ሥር ነው።

በ1837 አሜሪካ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ገጠማት። በዱቤ የሸጡ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ሳያገኙ ከሰሩ። ከነዚህ አንዱ የኒውዮርክ የሐር ነጋዴ ሉዊስ ታፓን ነበር። ይህ ሰው ባርነትን በመቃወምም ይታወቃል። በ1841 መርካንታይል ኤጀንሲ የሚባል ድርጅት መሠረተ። ሥራው በየከተማው ባሉ ወኪሎች አማካይነት የነጋዴውን ሁኔታ መሰብሰብ ነበር፤ ዕዳውን ይከፍላል? ንብረት አለው? ጠባዩስ? ሁሉም በትላልቅ መዝገቦች ይጻፋል። ደንበኛ የሆነ አቅራቢ ገንዘብ ከፍሎ ይጠይቃል። ይህ ድርጅት በ1933 ከተፎካካሪው ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ደን ኤንድ ብራድስትሪት የሚባለው ሆነ። እስከ ዛሬም የንግድ ድርጅቶችን ክሬዲት ከሚመዘግቡት ዋናው ነው። ለተራው ሸማች ደግሞ በ1899 በአትላንታ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ሌላ ድርጅት አቋቋሙ፤ እርሱ በኋላ ስሙን ቀይሮ ኢኩፋክስ ተባለ። ዛሬ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን ጋር ሦስቱ ታላላቅ የክሬዲት ቢሮዎች ይባላሉ።

የቀድሞ ሻጭ የሚያበድረው የሚያውቀውን ሰው ነበር፤ አባቱን፣ ሰፈሩን፣ ሱቁን ያውቃል። መዝገቡ ሲመጣ አበዳሪው የሚያየው ወረቀት ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ደግሞ የብዙ ሰው ሊሆን ይችላል። አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት አስፈለገ።

◾ የኪስ ቦርሳው ካርድ

ምልክቱ ከሌላ በኩል መጣ። በ1935 በወጣ ሕግ መሠረት የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞችን ደመወዝና ጡረታ ለመከታተል ከ1936 ጀምሮ ለየሰዉ ዘጠኝ አሃዝ ያለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መስጠት ጀመረ። ቁጥሩ የጡረታ ሒሳብ ስም ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ አልተሰጠውም ነበር።

በ1938 በኒውዮርክ ግዛት በሎክፖርት ከተማ ያለ አንድ የኪስ ቦርሳ ፋብሪካ አዲሱ ካርድ በቦርሳው ልክ እንደሚገባ ለማሳየት ፈለገና የናሙና ካርድ እያስገባ ይሸጥ ጀመር። ናሙናው ላይ የታተመው ቁጥር ግን የፈጠራ አልነበረም፤ የኩባንያው የአንዲት ጸሐፊ እውነተኛ ቁጥር ነበር። ቦርሳው ውልወርዝ በሚባሉት ሱቆች በመላ አገሪቱ ተሸጠ። ካርዱ ከእውነተኛው በግማሽ ያንሳል፤ በቀይ ቀለም ታትሟል፤ ናሙና የሚል ቃልም በላዩ ተጽፏል። ያም ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ገዢዎች ቁጥሩን የራሳቸው አድርገው ወሰዱት። በ1943 ብቻ 5,755 ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር። በጠቅላላው ከ40,000 በላይ ሰዎች ቁጥሩን የእኔ ብለው አስመዝግበዋል። በ1977 እንኳ 12 ሰዎች ሲጠቀሙበት ተገኝተዋል። ጸሐፊዋ አዲስ ቁጥር ተሰጣት፤ አሮጌው ተሰረዘ።

እነዚያ ሰዎች ሌቦች አልነበሩም። ስህተታቸው ግን ቁጥሩ ማንነትን እንደማያረጋግጥ በግልጽ አሳየ። መንግሥትም ያውቅ ነበር፤ ከ1946 እስከ 1972 በካርዱ ላይ «ለመታወቂያነት አይውልም» የሚል ማሳሰቢያ ያትም ነበር። ሰሚ አላገኘም። ግብር ሰብሳቢው፣ ባንኩ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የክሬዲት ቢሮው፣ ሁሉም ያንኑ ቁጥር ይጠይቅ ጀመር።

ነገሩን በቀላሉ እንየው። ስም ለሁሉ ይነገራል፤ ቁልፍ ለማንም አይሰጥም። አንዱን ነገር ስምም ቁልፍም ስታደርገው፣ ስምህን የነገርከው ሁሉ ቁልፍህን ይዞ ይሄዳል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ላይ የሆነው ይኸው ነው። ለቀጣሪህ፣ ለአከራይህ፣ ለግብር ሠሪህ የሰጠኸው ቁጥር፣ በስምህ ካርድ ለማውጣት የሚያስፈልገው ያው ቁጥር ነው።

◾ መዝገብ ቤቱ ሲዘረፍ

ሕጉ ከሌባው ኋላ እየተከተለ መጣ። በ1970 የወጣው ሕግ ሰው በክሬዲት መዝገቡ ላይ ያለውን ስህተት የመቃወም መብት ሰጠው። የማንነት ስርቆት ራሱን ችሎ የፌዴራል ወንጀል የሆነው በ1998 ነው። በ2003 ደግሞ ሰው መዝገቡን በየዓመቱ በነጻ የማየት መብት አገኘ።

ከዚያ 2017 መጣ። ኢኩፋክስ በሚጠቀምበት አንድ ሶፍትዌር ላይ ቀዳዳ መኖሩ በማርች ወር ይፋ ሆነ፤ መጠገኛውም አብሮ ወጣ። ድርጅቱ ሳይጠግነው ቀረ። ሰርጎ ገቦች ከሜይ እስከ ጁላይ ድረስ ውስጥ ገብተው ቆዩ። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተወሰደ። ሕዝቡ የሰማው በሴፕቴምበር ነው። በ2019 ድርጅቱ ቢያንስ 575 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሏል ይኸ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንደ ይለፍ ቃል በየጊዜው አይቀየርም፤ የትውልድ ቀንማ ጭራሽ አይቀየርም።

ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን ቁጥራችሁ ወጥቷል ብላችሁ አስቡ። «እኔ ለማንም አልሰጠሁም» የሚለው መከላከያ አብቅቷል። የቀረው የዲዋኑል ኻተም መንገድ ነው፤ መቆለፍና ማስተያየት።

◾ መቆለፍ

ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ ክሬዲትን መቆለፍ፣ በተለምዶ ፍሪዝ የሚባለው፣ በመላ አሜሪካ በሕግ ነጻ ነው። የተቆለፈ መዝገብን አዲስ አበዳሪ ማየት አይችልም፤ ማየት ካልቻለ በአብዛኛው አያበድርም። ሌባው ቁጥራችሁን ይዞ ቢሄድም በሩ ዝግ ይሆንበታል። ሦስቱም ቢሮዎች ዘንድ ለየብቻ መቆለፍ ያስፈልጋል፤ አንዱን ቆልፎ ሁለቱን መተው ግማሽ በር እንደመዝጋት ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቃችሁ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መቆለፍ አለባቸው። ብድር ስትፈልጉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከፍቱላችኋል። ያላችሁን ካርድና ነጥባችሁን አይነካም።

ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆቻችሁም መቆለፍ ትችላላችሁ። ልጅ ብድር አይጠይቅምና ቁጥሩ ቢሰረቅ ለዓመታት የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው ለኮሌጅ ሲያመለክት ወይም የመጀመሪያ ቤቱን ሲከራይ ነው። ግብርን በተመለከተ ደግሞ አይ.አር.ኤስ. ለሚጠይቅ ሁሉ በየዓመቱ የሚቀየር ባለ ስድስት አሃዝ ፒን ይሰጣል፤ ያለ እርሱ በስማችሁ ግብር አስገብቶ ተመላሽ መውሰድ አይቻልም።

◾ ማስተያየት

ሙዓዊያ ሒሳቡን ባያዩ ኖሮ የዐምር ነገር ተደብቆ ይቀር ነበር። ዛሬ ሦስቱም ቢሮዎች መዝገባችሁን በየሳምንቱ በነጻ ያሳያሉ፤ በሕጉ የተፈቀደው ድረ ገጽ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ይባላል። በወር አንድ ጊዜ ብታዩት በቂ ነው። የማታውቁት ካርድ፣ ያልኖራችሁበት አድራሻ፣ ያልጠየቃችሁት ብድር ካለ ዝም አትበሉ። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የማንነት ስርቆት ሪፖርት አስገቡ። ሪፖርቱን ከማንነታችሁ ማስረጃ ጋር ለቢሮዎቹ ስታቀርቡ፣ በስርቆት የመጣውን ዕዳ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ከመዝገባችሁ ማገድ አለባቸው። ተራ ስህተት ከሆነም ተቃውሞ አስገቡ፤ በጥቅሉ በ30 ቀን ውስጥ መመርመር ግዴታቸው ነው። ሁሉንም በጽሑፍ አድርጉ፤ ቅጂ ያዙ።

◾ ነጋዴዎች ሆይ

የንግድ ቤት ያላችሁ ይህን በጥሞና አንብቡ። ከላይ የዘረዘርናቸው መብቶች የተሰጡት ለግለሰብ ነው። ነጻው ፍሪዝ የድርጅታችሁን የክሬዲት መዝገብ አይሸፍንም። የንግድ ሌባ የሚሄድበት መንገድም ሌላ ነው። በየግዛቱ የድርጅት ምዝገባ ገብቶ የኃላፊውን ስም ወይም አድራሻውን ይቀይራል፤ የተዘጋ ድርጅት ካገኘም ያድሰዋል። ከዚያ በድርጅታችሁ ስም ከአቅራቢ በዱቤ ዕቃ ይወስዳል። ዕቃው ወደ ሌላ መጋዘን ይሄዳል፤ ደረሰኙ ወደ እናንተ ይመጣል።

ስለዚህ በግዛታችሁ መዝገብ ላይ ድርጅታችሁን በየጊዜው ፈልጋችሁ እዩ። ለውጥ ሲደረግ በኢሜይል የሚያሳውቅ አገልግሎት ካለ ተመዝገቡ። ሥራ ያቆመ ድርጅት ካላችሁ በሕጉ መሠረት ዝጉት፤ ዝም ብላችሁ አትተዉት። ደን ኤንድ ብራድስትሪት ዘንድ ስለ ድርጅታችሁ የተጻፈውንም ጠይቁ። ቼክ የምትጽፉ ከሆነ ፖዚቲቭ ፔይ የሚባለውን አገልግሎት ባንካችሁን ጠይቁ። የጻፋችሁትን ቼክ ቁጥርና መጠን አስቀድማችሁ ለባንኩ ትሰጣላችሁ፤ ባንኩ ለክፍያ የሚቀርበውን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል፤ ካልተመሳሰለ ያቆመዋል። መቶውን ሁለት መቶ ያደረገ ሰው እዚያው ይያዛል። የዲዋኑል ኻተም ሥራ ማለት ይኸው ነው።

◾ አገር ቤት ላላችሁ

በእኛ አገር ማኅተም ዛሬም ንጉሥ ነው። ክብ ማኅተምና ቲተር ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሻይ ለመጠጣት የሚወጣ ነጋዴ፣ የበይተል ማልን ማኅተም ለመዕን በነጻ እንዳበደረው ይቁጠረው። የተፈረመ ባዶ ቼክ፣ ለማይታወቅ ሰው የተሰጠ ሰፊ ውክልና፣ በቴሌግራም የተላከ የመታወቂያና የንግድ ፈቃድ ፎቶ፣ ሁሉም አንድ ናቸው።

አዲሱም ዘመን ደርሶናል። በብሔራዊ ባንክ በኩል ባንኮች የተበዳሪን ታሪክ ያያሉ። በቴሌብር ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር በስልክ ይሰጣል። ስለዚህ ስልካችሁና የሚስጥር ቁጥራችሁ አሁን የብድር በር ናቸው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ የፋይዳ ቁጥር እየተሰጠ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሁለቱም ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ፋይዳ ስም ነው፤ ቁልፉ የጣት አሻራችሁና በስልክ የሚመጣላችሁ ኮድ ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የደረሰህን ኮድ ንገረኝ» የሚል ሰው ስማችሁን ጨርሶ ቁልፋችሁን እየጠየቀ ነው። ኮዱን ለማንም አትንገሩ፤ ደዋዩ ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ ሰፈራችሁን ቢያውቅም።

አሜሪካ ቁጥር ማንነትን እንደማያረጋግጥ በካርዱ ላይ ጽፋ ነበር፤ ማሳሰቢያውን ረስታ ሰማንያ ዓመት ያህል ተከፈለበት። እኛ ገና ጀማሪዎች ነን። በየቢሮው፣ በየሱቁ፣ በየሆቴሉ የመታወቂያችንን ኮፒ ሲጠይቁን «ለምን አስፈለገ? የት ይቀመጣል?» ብሎ መጠየቅን ከአሁኑ እንልመድ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶቻችን።

◾ ስለ ቤተሰብ አንድ ቃል

ሌባው ሁልጊዜ እንግዳ አይደለም። የወንድሙን ሶሻል ይዞ ካርድ የሚያወጣ፣ የእናቱን ስልክ ወስዶ የሚበደር፣ «በኋላ እከፍለዋለሁ» ብሎ ራሱን የሚያታልል አለ። ያለ ፈቃድ በሌላ ሰው ስም መበደር፣ ለመክፈል ቢታሰብም፣ ማታለልና አማናን መብላት ነው። የተበደለው ሰው ደግሞ ዘመዱን ላለማሳጣት ዝም ይላል፤ ዕዳው በወለድ እያደገ፣ መዝገቡ እየጠቆረ ይሄዳል። እዚህ ላይ የቤተሰብ ሽማግሌዎችና የመስጂድ ዐሊሞች ገብተው ሐቁን በጊዜ ማስመለስ አለባቸው። ሶብር ማለት ሐቅን መቅበር አይደለም። እኛም ምክር ለሚፈልግ በራችን ክፍት ነው።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጉ። አሜሪካ ያላችሁ ሦስቱን ቢሮዎች ቆልፉ፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆቻችሁም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሥሩላቸው። አገር ቤት ያላችሁ ማኅተማችሁን ቁልፍ ባለው መሳቢያ አስገቡ፤ የሚስጥር ቁጥራችሁን ቀይሩ። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ።

አላህ ስማችንን ከሐሰት፣ ገንዘባችንን ከሐራም፣ ጫንቃችንን ከማናውቀው ዕዳ ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።